ሁለት ዓይነት ጥቅል፣ አንድ የተቃጠለ ጄኔሬተር

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ቡታጅራ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሞተር ጥቅለላ፣ ማለትም የተቃጠለ ሞተር ሽቦ አውጥቶ በአዲስ የመጠቅለል ሥራ፣ እንሠራ ነበር። ሙያውን አዲስ አበባ፣ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ተምሮ ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ክረምት ሀጂ የምንላቸው የከተማው ነጋዴ ጄኔሬተራቸው ተቃጠለባቸው። ወፍጮአቸውም የጤና ጣቢያው መብራትም የሚሠራው በእሱ ነበር። ስንከፍተው ሽቦው ከስሏል።

የፋብሪካው ጥቅል ተደራራቢ ነው፤ ጥቅሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ሽቦው በሚገባበት በእያንዳንዱ የብረት ቦይ ውስጥም የሁለት ጥቅሎች ጎን ይነባበራል። በመካከላቸው ደህና መለያ ወረቀት ካልገባ ተገናኝተው ይቃጠላሉ። እኛ ዘንድ ወረቀቱ አልቋል፤ መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና የለም።

«ጋሼ፣ ለምን አንዱን በአንዱ ውስጥ አናደርገውም?» አልኩት ወንድሜን። ትንሹ ጥቅል በትልቁ ውስጥ የሚቀመጥበትን አሠራር ማለቴ ነው። በአንድ ቦይ አንድ ጎን ብቻ ስለሚገባ መለያ ወረቀት አያስፈልግም።

«የጥቅሎቹ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የማሽኑ ክዳን አይገጥምም። ሽቦም ይበላል» አለኝ። «እንደነበረው ነው የምንጠቀልለው።»

በወረቀቱ ፈንታ በካርቶን ለየነው። ሽቦው ላይ የቀባነው ቫርኒሽ በዚያ እርጥበት አልደርቅ ቢል ከሰል አንድደን አጠገቡ ተቀመጥን። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መብራቱ ቦግ አለ፤ ሀጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወንድሜን አቀፉት። ወፍጮው የመጀመሪያውን እህል ፈጭቶ ሳይጨርስ ግን ጭስ ሸተተን። ካርቶኑ ነዶ ነበር።

ወንድሜ ጥቅሉን ፈታው። ያልተበላሸውን ሽቦ ለቅመን፣ እየቀጠልን፣ አሁን በእኔ መንገድ ጠቀለልነው። እሱ እንዳለው ጫፎቹ ወጥተው ክዳኑ አልገጥም አለ። በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን ወደ ውስጥ ስንገፋቸው የሽቦው ሽፋን ተላጠ። ስናስነሳው መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

የጤና ጣቢያው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ፣ በራፋችን ላይ ቆሞ «ታዲያ መቼ ይደርሳል?» ሲል እኛ የተላጠውን ሽቦ እየለቀምን ነበር።

ሀጂ አልተቆጡም። «ከአላህ ነው፤ ተዉት በቃ» አሉና ማሽኑን በሸራ አስሸፈኑት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ይዞልን የመጣ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ወልቂጤ ሄዶ ጭነት መኪና ላይ ጆንያ መጫን ጀመረ። ልጠይቀው ሄጄ ስለ ሙያችን ሳነሳበት፣ «እናታችን ደህና ናት? እንሰቱስ እንዴት ነው?» እያለ ወሬ ይቀይርብኛል። ዳግም አብረን አንድም ሞተር አልከፈትንም።