የሚነድ፣ የሚበላ፣ የሚመርዝ

ነገሩ የጀመረው ጅማ መርካቶ ማር ልገዛ የሄድኩ ዕለት ነው። ሻጯ ከምትቀዳበት ጀሪካን ላይ ግማሹ የተላጠ የራስ ቅል ሥዕል አየሁ። የአረም መድኃኒት ዕቃ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት፣ «አባ፣ በሳሙና ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፣ ወላሂ!» አለችኝ። መሐላዋን አልተጠራጠርኩም። ማሩን ግን አልገዛሁም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ እየገለበጥኩ ማንበብ ያዝኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ነው ያወቅሁት። ጠርሙስ ላይ ያለው ሥዕል ግን ላልተማረም ይናገራል፤ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው። የሚነድ፣ ሥጋ የሚበላ፣ የሚመርዝ ብዬ ለየሁ። የቀለም ማቅጠኛና የበረሮ ፍሊት አንድ ጥግ ያዙ። የሽንት ቤት አሲድ ሌላ ጥግ። በረኪናውን ከአሲዱ አራቅሁት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የአይጥ መርዝ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ የቀረውን ጥግ ሞሉት።

ታዲያ የት ይጣል? ቆሻሻ የሚሰበስበው ወጣት «አባባ፣ እኛ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምንደፋው፤ አይልፉ» አለኝ። ብቀብረው የግቢው የውሃ ጉድጓድ ቅርብ ነው። ባቃጥለው ጭሱ ለጎረቤት ነው። ለቆራሌው ብሰጠው ዕቃው ተመልሶ ማር ይቀዳበታል። ጎረቤትም ሰምቶ የራሱን ያመጣልኝ ጀመር፤ እምቢ ካልኩት ወንዝ ይጥለዋል። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ስለሆነ ጓሮው ላይ ሌላ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ልጄ ያደገችበትን ክፍል ለመርዙ ሰጥቼ ቆለፍኩበት።

ልጄ ያገባችው አሰንዳቦ ነው። እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ወልዳ ልትታረስ መጣች። በሩን ስከፍትላት ሽታው ወደ ኋላ መለሳት።

«አባዬ፣ እኔንና ልጄን ከየትኛው ጥግ ልትመድበን ነው?»

«ዛሬውኑ አውጥተህ ጣል!» አለች ባለቤቴ።

«የት?»

«ሰው የሚጥልበት!»

«ሰው የሚጥለውማ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ነው።»

ሳሎን ከእኛ ጋር ትተኛ አልኩ። ልጄ መሀል ያለውን የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ በጣቷ አሳየችኝ። «ሕፃኑ ይሄን ነው የሚተነፍሰው?» እሷም ትክክል ነበረች፣ እኔም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴና ልጄ ወደ አሰንዳቦ ተሳፈሩ። እኔ ቀረሁ፤ ቤቱን ጥዬ ብሄድ የግቢው ልጆች በሩን ይነካካሉ። ወንድ ልጅ መወለዱን በስልክ ሰማሁ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ከተዘጋው በር ፊት ተቀመጥኩ። ልጆቼን፣ ለእውነት ዋጋ ይከፈልላታል እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ከፋዩ ሁልጊዜ ተናጋሪው እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም።

ስም በወጣለት ቀን ግን ለአንድ ቀን ብዬ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ አሰንዳቦ ሄድኩ። ልጁን አቅፌ ዱዓ አደረግሁለት። አማቼ ከእጅ ባትሪው ያለቁትን ድንጋዮች አውጥቶ ወደ ጓሮ ሊወረውር ሲል «ስጠኝ» አልኩት። ኪሴ ውስጥ ከቁልፉ ጋር ተንኳኩ። ልጄ እያጠባች ትመለከተኝ ነበር።

«ድንጋዮቹስ ቤትህ ማደሪያ አላቸው» አለች።

ወደ ጅማ የሚመለሰው መኪና እስኪሞላ ድረስ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ተቀመጥኩ።