አባቴ ሱቁን የዘጋበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪሟ አንድ ጎማ ነገር አፌ ውስጥ አስገብታ «ንከሺው» አለችኝ። ነከስኩት። የጎማው ጣዕምና የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ አንድ ላይ ሲደርሱኝ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር። ሐኪሟ የፈራሁ መስሏት «አያምም፣ አይዞሽ» ትለኛለች። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ወገቤ ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት ታጥቄ፣ ጀርባዬ ላይ የአየር ሲሊንደር ተሸክሜ፣ ሻርኮች የሚዞሩበት ገንዳ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ወረርሽኙ ገና አላለፈም ነበር፤ ሎክዳውኑ ላላ ያለበት ሰሞን ነው። የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት የምንሄደው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የቀረውን ዳታ እስኪያልቅ ድረስ በስልክ እንማራለን። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ኧረ በፈጠረሽ አንድ ቦታ አረፍ በይ፣ ራሴን አዞርሽው!» ትለኛለች። ልረፍ ብልም እግሬ እምቢ ይላል። ከታች የሻጮቹ ጩኸት፣ የታክሲዎቹ ጥሩምባ፣ የተጠበሰ ሥጋና የቅመም ሽታ ይመጣል። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚሄድበትን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ መሐል ነው ማስታወቂያውን ስልኬ ላይ ያየሁት። በከተማው ሰሜን በኩል፣ በአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ የዓሣ ማሳያ ነበር። ዛሬ ተዘግቷል፤ ቦታው መጋዘን ሆኗል አሉ። ያኔ ጎብኚ ሲጠፋበት ጊዜ፣ ዋና የማይችል ሰው እንኳ ከአሠልጣኝ ጋር ትልቁ ገንዳ ውስጥ መጥለቅ ይችላል ብሎ ዋጋውን ቀንሶ ነበር። የጎረቤት ልጆች ጸጉር እየሠራሁ ያጠራቀምኳት ትበቃኛለች። የሚጎድለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ስላልሞላ ወላጅ መፈረም አለበት።

እሑድ፣ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራሙን በስልክ ተከታትለን እንደጨረስን፣ ቅጹን ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር ስፓዛ ነበረው፤ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ዳቦ፣ ወተት፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ። ደንበኞቹ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት። ቅጹን ቀስ ብሎ አነበበው።

«ይሄ ውኃ ነው?»

«የዓሣ ማሳያ ነው አባዬ። አሠልጣኝ አለች፤ እጅሽን አልለቅም ነው የሚሉት፤ እዚህ ተጽፏል—»

«ውኃ ነው ወይ ነው የምልሽ።»

«አዎ።»

ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ መለሰልኝ። «አይሆንም።»

ለምን ብዬ ብጠይቀው ተነሥቶ ወጣ። እናቴን ብጠይቃት «እሱ ከውኃ ጋር አይስማማም፤ ተይው» ከማለት ሌላ የምታውቀው አልነበረም። እውነት ነው፣ አይስማማም ነበር። ትምህርት ቤት የዋና ክፍለ ጊዜ በመጣ ቁጥር «ልጄ ጆሮዋን ያማታል» ብሎ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፤ ጆሮዬን አሞኝ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው ሲጠመቅ ሁሉም ወደ ገንዳው ተጠግቶ ሲዘምር፣ እሱ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መሬት መሬት ያያል።

ፊርማውን አስመስዬ ፈረምኩ። ለትምህርት ቤት የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በእኔ እጅ ያልፉ ስለነበር ከባድ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት «ጓደኛዬ ጋ ላጠና ነው» ብዬ ልወጣ ስል እናቴ ቦርሳዬን ከፈተችው። የዋና ልብሱን አወጣችና አየችው፤ ከዚያ እኔን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ስል ልብሱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ሂጂ። ግን እኔ አባትሽን አልዋሸውም» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ታክሲው ውስጥ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ብርዱ ፊቴን እየመታኝ፣ ሾፌሩን ሰማንያ ጊዜ በልቤ «ንዳው!» አልኩት።

አሠልጣኟ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቂታ የሶዌቶ ሴት ነበረች። «ሳውቦና ሲሲ» ብላ፣ እንደምን ነሽ እህቴ ማለቷ ነው፣ በክርኗ ሰላም አለችኝ። የምንተነፍስባቸውን የአፍ ጎማዎች ሳኒታይዘር ከሚሸት ባልዲ ውስጥ አውጥታ ደጋግማ አለቀለቀች። ወፍራሙን የጎማ ልብስ ለመልበስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጥልቀት በሌለው ጥግ ላይ በአፌ መተንፈስን፣ መነጽሬ ውስጥ ውኃ ሲገባ በአፍንጫዬ እፍ ብዬ ማስወጣትን አስተማረችኝ። ከዚያ ምልክቶቹን አሳየችኝ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተጋጥመው ክብ ሲሠሩ ደህና ነኝ ማለት ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ አውጪኝ ማለት ነው። «እንዳታምታቺው» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። የሰማሁት ግን ግማሹን ነው፤ ዓይኔ ውኃው ላይ ነበር።

ወረድን። መጀመሪያ ጆሮዬ ተወጠረ፤ ቀጥሎ ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ የቀረው የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ሲገባ እንደ ፉጨት፣ ሲወጣ እንደሚፈላ ውኃ። ከላይ የመብራቱ ጨረር ተሰባብሮ አሸዋው ላይ ይጨፍራል። አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ በነፋስ የተያዘ ብርድ ልብስ መስሎ፣ በራሴ ላይ አለፈ። ሻርኩ በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን አየሁት፤ ግድም አልሰጠው። እኔ ግን እዚያም ውስጥ አላርፍ ብዬ ነበር። ወደዚህ ልዋኝ፣ ወደዚያ ልዙር ስል አሠልጣኟ ከኋላ ሲሊንደሬን ይዛ ትገታኛለች። ስወራጭ መነጽሬ ላላና ውኃ ገባበት። የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ሳል መጣብኝ፣ እጄን አወናጨፍኩ። እሷ ፊት ለፊቴ መጥታ ሁለት ትከሻዬን ያዘችና ቀስ ብላ ተነፈሰች። አብሬያት ተነፈስኩ። እፍ አልኩ። መነጽሩ ጠራ።

ሲጠራ አባቴን አየሁት።

ከወፍራሙ መስታወት ማዶ፣ ጎብኚዎች የሚያልፉበት ኮሪደር ላይ ቆሟል። ሰማያዊ የሱቅ ጋውኑን እንደለበሰ ነው፤ የሱቁ ቁልፎች በእጁ ናቸው። ከእሑድ በስተቀር ያን ሱቅ በቀን ሲዘጋው አይቼ አላውቅም። ማስኩ አገጩ ላይ ወርዶ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ሲጸልይ ከንፈሩ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር።

ደህና ነኝ ልለው ፈለግሁ። እጄን ከፍ አድርጌ፣ እንደማንኛውም ሰው፣ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩለት።

ወዲያው አሠልጣኟ ብብቴ ሥር ያዘችኝና ወደ ላይ ወሰደችኝ። ብወራጭ ይብስ አጥብቃ ያዘችኝ። የአባቴ ፊት ከእግሬ በታች ሲቀር ታየኝ፤ አፉ ተከፍቶ ነበር።

«ምን ሆንሽ ሲሲ?» አለችኝ ከውኃው እንደወጣን።

«ምንም! አባቴ ነው! ደህና ነኝ ልለው ነው!»

«አውጪኝ ነው እኮ ያልሽኝ!» ሳቀች። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «መልሺኝ፣ እባክሽ፣ አሁኑኑ። የሰጠምኩ ነው የሚመስለው» አልኳት። ሳቋን አቆመች።

ስንወርድ አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ «ባባ፣ ባባ» የሚለው ይመስለኛል። ሄጄ መስታወቱን በጣቴ መታሁት። ቀና አለ። ክቧን ምልክት ሠራሁለት። አልገባውም። ደግሜ ሠራሁለት። እጁን አንሥቶ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ፣ እያየኝ ያንኑ ሠራ። አየሬ አልቋል ተብዬ እስክወጣ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም።

ስወጣ ይመታኛል ብዬ ነበር። «ጸጉርሽን አድርቂ፣ ብርድ ነው» ብቻ አለኝ። የአባቴ መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን አስገባው፤ ግን ሞተሩን አላስነሣም።

«ፊርማዬን አሳምረሽ ነው የሠራሽው» አለ።

«ይቅርታ አባዬ።»

የመኪና ማቆሚያው ውስጥ የአንድ ሰው ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

«ከታች ሆነሽ ወደ ላይ ስታዪ፣ ምን ይታያል?»

«ብርሃን።»

«ጨለማ አይደለም?»

«አይደለም። ውኃው ራሱ ያበራል።»

«ያስጨንቃል?»

ልዋሸው ፈልጌ ነበር። «መጀመሪያ ያስጨንቃል» አልኩት። «ኋላ ጸጥ ይላል።»

መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ከዚያ ነገረኝ። ታናሽ ወንድም እንዳለው አውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ተለያይተው ወደ ሌላ አገር እንደሄደና አድራሻው እንደጠፋ ነበር የሚነገረን። አያቴም ከሆሳዕና አጠገብ ካለው ቀበሌዋ ሆና፣ አባቴ በየበዓሉ ሲደውልላት «የልጄ ወሬ የለም?» ትላለች። ወሬው ግን አባቴ ጋ ነበር፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። ሁለቱ ከአገር አብረው ወጥተው፣ የማላዊን ሐይቅ ሲሻገሩ፣ ማለዳ ላይ ሰው የሞላባት ጀልባ ተገለበጠች። አባቴ ወንድሙን በጃኬቱ ያዘው። ማዕበሉ ሲጎትተው ልጁ ከጃኬቱ ውስጥ ሾልኮ ሄደ።

«ጃኬቱ እጄ ላይ ቀረ» አለኝ። «ለእናቴ ይሄንን በምን አፌ እነግራታለሁ?»

ያን ቀን ወደ ሱቁ አልተመለሰም። ለእናቴ ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም፤ በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ማስክ አድርገው መጡና ተራርቀው ተቀመጡ። መስኮቱ ተከፍቶ የገበያው ድምፅ ይገባል። አገር ቤት ያሉትም ዘመድ ሰብስበው አያቴን መሐል አስቀምጠዋት ነበር። አባቴ ደወለ። በሀዲይኛ ነው የሚነጋገሩት፤ እኔ ያን ቋንቋ አልሰማም፤ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ በሹክሹክታ ትተረጉምልኛለች። ስለ ጀልባዋ ነገራት። ስለ ጃኬቱ ነገራት። የአጎቴን ስም ሦስት ጊዜ ሲጠራ ሰማሁ፤ እስከዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ ተነሣ፤ ብዙ ሴቶች፣ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ የሚመጣበትን ሁሉ ሊቀበል ጠበቀ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ እኔም በአካል ሳላያት አረፈች። ድምፅዋን ግን ከዚያ ቀን አውቀዋለሁ። ለቅሶው ጋብ ሲል ብቻዋን ተናገረች። እናቴ መተርጎሙን ረስታ አፏን በእጇ ያዘች። ክንዷን ነካሁት።

«ምን አለችው?»

«‹ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አንተን ማን አጽናናህ?› ነው የምትለው።»

አባቴ ሊመልስላት ሞከረ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፉ አስጠጋው። በመጨረሻ የወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«አማ» አለ።

ያቺን ቃል እናቴ መተርጎም አላስፈለጋትም፤ ከእኔ «እማ» ብዙም አትርቅም።