ተማሪዎች በአስተማሪያቸው ላይ ድምፅ የሰጡበት አርብ

አርብ ጠዋት ከሆቴል ሥራዬ ኦፍ ወስጄ እዚህ አሜሪካ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ወደ አሌክሳንድሪያ ተነሣሁ። የሄድኩት ለታደሰ ብዬ ነው። ታደሰ አገር ቤት መምህራን ማሠልጠኛ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ሲሆን፣ አሁን አሌክሳንድሪያ በአንዲት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። በዚህ ትምህርት ቤት ደንብ የሚያወጣው የተማሪዎችና የአስተማሪዎች ስብሰባ ነው፤ ትንሹ ልጅም አስተማሪውም እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል አስተማሪው ለከርሞ ይቆይ እንደሆነ የሚወስነውም ይኸው ስብሰባ ነው።

ታደሰ ኮል አድርጎ፣ አርብ የእሱ ተራ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በተከራየነው አዳራሽ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየቀሩ ስለሆነ ወላጆች ክፍሉን ለመዝጋት ይመካከሩ ነበር።

በመንገድ

ቀዩ የባቡር መስመር መጀመሪያ ከመሬት በላይ ስለሚሄድ የሰው ጓሮ እያየሁ ተጓዝኩ። መሐል ከተማ ወርጄ ቢጫውን ያዝኩ። ባቡሩ ከዋሻ ወጥቶ ፖቶማክን ሲሻገር ወንዙ በሌሊቱ ዝናብ ደፍርሶ ነበር። ሜትሮ ውስጥ መብላት ክልክል ነውና አምባሻዬን የበላሁት ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርጄ ነው። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት መንገዱን ስጠይቃቸው፣ “ልጆች አለቃ የሆኑበት ቤት?” ብለው በምርኩዛቸው አሳዩኝ። የልጅ ልጃቸው እዚያ ተምሮ ቤትም ውስጥ ለሁሉም ነገር ምክንያት መጠየቅ እንደጀመረ ነገሩኝ። መኩራታቸው ይሁን መማረራቸው አልለየልኝም።

ስብሰባው

ትምህርት ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ምሳ ተማሪዎቹ ያበሰሉት የምስር ሾርባ ነበር፤ ጨው በዝቶበታል። ከዚያ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ሔለን ወላጆቿ የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው።

ብዙዎች ታደሰን አመሰገኑት። ከዚያ ማይክል የሚባል ልጅ ተነሥቶ፣ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ታደሰ ጠመኔውን ከእጁ ወስዶ ራሱ እንደሚጨርሰው ተናገረ። “ስለዚህ እኔ ጨርሼ አላውቅም” አለ።

እኔ ብሆን ልጁን በዓይኔ ቁጭ አደርገው ነበር። ታደሰ ግን ተነሣ።

“እውነቱን ነው” አለ። “ቶሎ እንድታውቁ ስለምቸኩል ነው፤ መቸኮሌ ግን አልጠቀማችሁም። ከእንግዲህ ካልሰጣችሁኝ አልወስድም።”

ድምፁ በእጅ ነበር። ይቆይ የሚሉት እጃቸውን ሲያወጡ ታደሰ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ሔለን ቆጠራዋን አቁማ በአማርኛ፣ “ጋሼ፣ አንተም ድምፅ አለህ” አለችው። “አንተ” ማለቷ ሊያስቀኝ ሲል ታደሰ ቀስ ብሎ እጁን አነሣ። ከተነሡት እጆች መሐል የማይክልም ነበረበት። ታደሰ እንዲቆይ ተወሰነ።

መልስ

ጣቢያ ድረስ ሲሸኘኝ ፈርቶ እንደነበረ ጠየቅኩት።

“አገር ቤት ዳይሬክተር ቢያባርረኝ የማማው አላጣም ነበር” አለኝ። “እነዚህ ቢያባርሩኝ ማንን አማለሁ?”

ሲልቨር ስፕሪንግ የገባሁት በሥራ መውጫ ግፊያ ነው። በማግስቱ የመጡትን ጥቂት ልጆች ክብ አስቀምጬ ክፍሉ ምን ቢሆን እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። ግማሹን በእንግሊዝኛ ተከራክረው፣ እኔ እጅግ የምወደው ቃል ጽሕፈት ቀርቶ ራሳቸው በአማርኛ ተውኔት እንዲያዘጋጁ በድምፅ ወሰኑ። የአንዷ ልጅ አባት ከኋላ ሆነው፣ “እንግዲህ ልጅ ሊያዝሽ ነው?” አሉኝ።

“ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከጠየቅኩ በኋላ መልሱን ልጥለው አልችልም” አልኳቸው።

አስቸጋሪው ልጆችን ድምፅ ስጡ ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። አስቸጋሪው መሸነፍ ነው። እኔ በአንድ ድምፄ ቃል ጽሕፈት ይቆይ አልኩ፤ ተሸነፍኩም። ክፍሉ ግን አልተዘጋም።