ከሐኪም ቤት ወደ አልጋ ቤት

ጂንካ ማዘጋጃ ቤት በሕንፃ ተቆጣጣሪነት የተቀጠርኩት በደርግ ዘመን፣ ለስድስት ወር ሙከራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አለቃዬ ጓድ መንገሻ ሜትር፣ ውሃ ልክና መዶሻ አስፈርመው ሰጡኝ።

«ሄደህ አሮጌውን ሐኪም ቤት ለካ» አሉኝ። «አዲሱ ከተሠራ ወዲህ ባዶውን ነው። እኛ ሕንፃውን እንሰጣለን፤ ሐጂ ይማም አድሰው አልጋ ቤት ያደርጉታል። እስከ ፋሲካ ካልተከፈተ ውሉ ይፈርሳል። የአንተም ነገር ያኔ ይታያል።»

ሐጂ ይማም ከወሎ መጥተው ጂንካ የከረሙ የጅምላ ነጋዴ ናቸው።

ሄድኩ። ልስኑ ለቆ እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳውን በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ከውስጥ አንድ ድምፅ «ተራህን ጠብቅ» አለኝ።

በሩን ከፈትኩ። አግዳሚው ላይ ሦስት የአሪ ገበሬዎች ተቀምጠዋል። ነጭ ጋውን የለበሱ ሽማግሌ የአንዱን የእግር ቁስል በጨው ውሃ ያጥባሉ። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር የነበሩት አቶ ጴጥሮስ ናቸው።

«አባቴ፣ ይህ ቤት እኮ ተዘግቷል» አልኳቸው።

«ለእኔ የነገረኝ የለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «አልጋውንም ቃሬዛውንም በፊርማዬ ነው የያዝኩት። የሚረከበኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«አራት ዓመት። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ፊርማዬ ግን አልወጣም።»

እቃው ይመለከተዋል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገብ አገላብጦ «ይህ እቃ ተሰርዟል። የሌለ እቃ አንረከብም» አለኝ። ለጓድ መንገሻ ነገርኳቸው። «የሌለ ከሆነ አውጥተህ ጣለው» አሉ። አቶ ጴጥሮስ ዘንድ ተመለስኩ። «የሌለ ነገር እንዴት ይጣላል?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የወይጦ ወንዝ ሞልቶ ለእድሳቱ ቆርቆሮ የጫነው መኪና ማዶ ቀረ። እኔ በልቤ ወንዙን አመሰገንኩ፤ መዘግየቱ ሁሉ በእሱ ተሳበበ።

ወንዙ ሲጎድል ግን ማመካኛ አለቀብኝ። ሐጂ ራሳቸው ቤቱን ሊያዩ መጡ። አልጋዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቁ። እግር ማስቀመጫ ያለው አንድ አልጋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህስ?»

«የማዋለጃ ነው» አሉ አቶ ጴጥሮስ።

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። «ለረጅም ሹፌር ይሆናል» አሉ። ቀጥለውም «እኔ ብረከብዎስ?» ብለው ጠየቁ።

«በወረቀት ነው?»

«በወረቀት።»

በካርቦን ሦስት ቅጂ ጻፍኩ። አቶ ጴጥሮስ ፈረሙ፤ እስክሪብቶውን ግን ቶሎ አላስቀመጡም። ጋውናቸውን አውልቀው አጣጠፉት፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋባቸው ይመስል ነበር። እኔ በደስታ ወረቀቱን እያራገብኩ ቀለሙን አደርቃለሁ።

«አሁን የት ይሄዳሉ?» አሏቸው ሐጂ።

«እንጃ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይሁኑ። እንግዳ ይቀበሉልኝ።»

እድሳቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። ግድግዳው ላይ «መርፌ ክፍል» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ኖራ ብናስቀባውም ብቅ ይላል። በመጨረሻ ሐጂ «ተዉት፣ ስሙ ይሁን» አሉ። ኋላ ላይ ከአርባ ምንጭ የሚመጡ ሹፌሮች «መርፌ ክፍል ተይዟል?» እያሉ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ቤቱ ተከፈተ። ጓድ መንገሻ እንግዶች አስከትለው መጡ። አቶ ጴጥሮስ ጋውናቸውን ለብሰው፣ መዝገብ ዘርግተው ጠበቋቸው። ስማቸውን ጻፉ፤ ዕድሜያቸውን ጻፉ። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏቸው።

«ምኑ?»

«ሕመሙ።»

እኔ ሥራዬ እዚያው ያለቀ መሰለኝ። ጓድ መንገሻ እንግዶቹን ዞር ብለው አዩ፤ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከጥቅምት ጀምሮ። ወገቤን ነው» አሉ።

አቶ ጴጥሮስ ለአዲሱ ሐኪም ቤት ወረቀት ጽፈው ሰጧቸው። ቁስላቸውን ይዘው የሚመጡትን ገበሬዎችም ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ይልኩ ነበር። የእኔ ቋሚ ቅጥር በሳምንቱ ተፈረመ።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ አሮጌ ሕንፃ ስትረከቡ፣ ውስጡ የሚሠራ ሰው ካለ የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም ነበር። የጠየቁት ሐጂ ናቸው።