በጧፍ የተጠመጠመው ሽቦ

ስዳር አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተዳርኩት ከቢቸና ወደ ሞጣ ነው። በጃንሆይ ጊዜ በመኪና የሚሄድ ሙሽራ በእኛ ሰፈር ብርቅ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ግን የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር «እህቴ በበቅሎ አትሄድም» አለ። ይህም አልበቃው፤ ከአዲስ አበባ ሁለት ፓውዛ አስመጣና «ሞጣ የምትገቢው አገሩ በርቶልሽ ነው» እያለ ከመኪናው ግንባር ላይ ያስር ጀመር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሽቦ ሲቀጥል መጠቅለያው ናስትሮ አለቀበት። ገበያው ቢታሰስ የለም። ከዚያ ዓይኑ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ብላ ፈትሉን በሰም ነክራ ባስቀመጠችው ጧፍ ላይ አረፈ።

«ተው ልጄ፣ የስለት ነው!» አለችው።

«እማዬ፣ ጧፍስ ለመብራት አይደል? ሰም እንደሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።»

ቄሱ አባቴ ሳይቀሩ ሳቁ። እሱም የተላጠውን ሽቦ ሁሉ በጧፍ ጠመጠመና የተረፈውን ወንበር ሥር ሸጎጠው።

ጋቢና ውስጥ በወንድሜና በሙሽራው መካከል ተሸፋፍኜ ተቀመጥኩ፤ ሚዜዎቹ ከኋላ ተጫኑ። እናቴ «አማቶችሽ ቤት እስክትገቢ ድምፅሽ እንዳይሰማ፤ ዓይነ ደረቅ ይሉሻል» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ሞጣ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጨለመ። ወንድሜ ከመሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ጫን ሲያደርገው መንገዱ እንደ ቀን ፈካ። ሚዜዎቹ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። እኔም በሻሼ ውስጥ ሆኜ ኮራሁ።

ወዲያው የቅዳሴ ሽታ ሸተተኝ። ሰም ነው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ ሙሽራው።

«አቧራ ነው» አለ ወንድሜ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

ጭሱ እግሬ ሥር ነው፤ የቀሚሴ ጫፍ ሞቀ። ዝም ብል እንቃጠላለን፣ ብናገር ደግሞ... ጮህኩ።

«ወንድም ጋሼ! ጧፉ ነደደ!»

መኪናው ቆመ። ወንድሜ የሚነደውን ሽቦ በባዶ እጁ መነጨቀው። የፊቱም መብራት፣ ፓውዛውም፣ ሁሉም ድርግም አለ።

«ሙሽራይቱ ተናገረች!» አለ አንዱ ሚዜ በጨለማው ውስጥ።

«ድምፅ አይደለም እንዴ! ለአዝማሪ ነበር የምትሆን!»

«የቄስ ልጅ ሲነዳ ሞተሩም ጧፍ ይበላል በሉኛ!»

ተሸፍኜ ባልሆን ኖሮ ፊቴን የት እንደማደርገው እንጃ። ሌላ መላ ስለጠፋ ከወንበሩ ሥር የቀረውን ጧፍ አውጥተው ለኮሱ፤ ሚዜዎቹ ነፋሱን በጋቢ እየከለሉ ከፊት በእግር፣ መኪናው ከኋላ እያዘገመ ሞጣ ገባን። ዳሱ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ጧፉን ከሩቅ ሲያዩ አስከሬን የመጣ መስሏቸው እልልታው በአፋቸው ላይ ቀረ።

አገሩ በርቶልሽ ትገቢያለሽ ያለኝ ወንድሜ፣ ዳስ ግባ ቢሉት እንቢ አለ። ጋቢና ውስጥ በጨለማ ተቀመጠ። በዳሱ ሳቁ ቀጥሏል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ የራሴን ጩኸት ሰው ሲደግመው እሰማለሁ።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከመደባቸው ተነሡ። «የት ነው ያ ልጅ?» አሉ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ምግብና ፋኖስ በሰው አሲዘው ወጡና ጋቢናው ውስጥ ከወንድሜ ጎን ተቀመጡ። መዳፉ ተልጦ እንጀራ መቁረስ እንዳልቻለ ሲያዩ፣ እጃቸውን ታጠቡና እየጠቀለሉ አጎረሱት።