ቦኖው የሚከፈትበት ሰዓት

ባለፈው ዓመት ለእህቴ ልጅ ኒካህ ከደሴ ወደ ከሚሴ ወርጄ ነበር። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ተሸንፎ ጥላ ጥላውን ሲይዝ እኔ ብቻዬን ወጣ ብዬ በድሮ ሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ ስሄድ፣ አንድ ባለባጃጅ ባጃጁን በጎማ ቱቦ ሲያጥብ አገኘሁት። ውሃው ከባጃጁ ሆድ ሥር ወርዶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው በዋለው ሲሚንቶ ላይ ሲፈስ አንድ ሽታ ተነሣ፤ የአቧራም፣ የድንጋይም፣ የዛገ ብረትም የሆነ ሽታ። ቆም ብዬ አሸተትኩ። ሰውየው ተሳፋሪ መስዬው “የት ላድርስሽ እቴ?” አለኝ። የትም እንደማልሄድ ነገርኩት። ከዚያ ዙሪያዬን አይቼ፣ የቆምኩት የድሮው የሰፈራችን ቦኖ የነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት።

ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት በሰፈራችን በየግቢው ውሃ አልነበረም። ያለችው አራት ቧንቧ ያላት የሲሚንቶ ቦኖ ነበረች፤ እሷም በቆርቆሮ አጥርና በአንድ ትልቅ ቁልፍ የተዘጋች። እኛ ሴቶች ልጆች ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ገና አየሩ ቀዝቀዝ እንዳለ፣ ጀሪካናችንን ወስደን ወረፋ እናስይዛለን። ጀሪካን ሁሉ የራሱ መታወቂያ ነበረው፤ የኛው ቢጫ የዘይት ጀሪካን እጀታው ላይ ከአባቴ የስፌት ቤት የተረፈ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ የጎረቤቶቻችን ደግሞ ክዳን አጥቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ የሚደፈን። ችግሩ ቦኖው የሚከፈተው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን የትምህርት ቤቱ በር የሚዘጋው ሁለት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ቀድተን፣ ቤት አድርሰን፣ ዩኒፎርም ለብሰን እስክንሮጥ ድረስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀናል። የዘገየ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ይቆማል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሳምንት አራት ቀን ሒሳብ ስለነበር እኔና ጓደኞቼ ያን ዓመት ሒሳብን የተማርነው በአጥሩ ቀዳዳ ነው ማለት ይቻላል። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ እየቀረበ ነበር።

የቦኖዋ ጠባቂ አዴ ሀዋ ይባሉ ነበር። “አዴ” በኛ አገር በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የምትከበርበት ጥሪ ነው፤ እኛ ግን በፊታቸው አዴ እያልን ከኋላቸው “እንቅልፎ” እንላቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ልጅ ቢያለቅስ፣ ሴት ብትቆጣ፣ ሰዓታቸው ሳይደርስ ቁልፉን ከአንገታቸው አያወልቁም።

በዚያው ዓመት አማርኛ የሚያስተምሩን መምህር ኑሩ አመዛዛኝ ድርሰት አስጀመሩን። ከሳቸው በፊት የነበሩት አስተማሪ “ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል?” እያሉ ነበር የሚያከራክሩን። መምህር ኑሩ ይህን ርእስ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ትንሽ አዩትና በመጥረጊያው አጠፉት። “ይህን አባቶቻችሁም ተከራክረውበታል፤ በክርክሩ ተሸንፎ ወደ ገጠር የገባ ሰው ግን አላየሁም” አሉን። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ በር እስከየቤታችን ባለው መንገድ ላይ ሰው ከሰው የሚያጣላ አንድ ነገር ፈልገን፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በምክንያት አስረድተን እንድንጽፍ አዘዙን። ትምህርቱን የምንማረው በኦሮምኛ፣ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ስለነበር ብዙዎቻችን ተጨነቅን። እሳቸው ግን “በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁ፣ በአማርኛ ጻፉ” ብለው ገላገሉን። አንዱ በገበያ ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ስለሚነዱት ፍየሎች ጻፈ። ሌላዋ የደሴ መንገድ ዳር ቆመው መሻገሪያ ስለሚያሳጡ የጭነት መኪኖች ጻፈች። እኔ ስለ ቦኖው ጻፍኩ።

ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። ውሃ ሕይወት መሆኑን፣ ትምህርት ብርሃን መሆኑን ካተትኩ በኋላ፣ የሰፈራችን ሴት ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት የቦኖዋ ጠባቂ የጠዋት እንቅልፋቸውን ስለሚወዱ ነው፣ ስለዚህ በሌላ ትጉህ ሰው ይተኩ ብዬ ደመደምኩ። በተለይ “ትጉህ” የምትለዋን ቃል በማግኘቴ ኮርቼ ነበር። መምህር ኑሩ ወረቀቱን ሐሙስ ቀን ሲመልሱልኝ ማርክ አልሰጡበትም። የውሃውንና የብርሃኑን አንቀጽ አስምረው “ይህን ማን ካደ?” ብለው ጽፈውበታል፤ የአዴ ሀዋ ስም ካለበት ትይዩ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ “እሳቸውስ ምን አሉ?” የሚል ብቻ ነበር። እንደገና ጽፌ ለሰኞ እንዳመጣ ነገሩኝ።

ቅር ብሎኝ ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኩት። አባቴ ግን አገኘው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ራሱ ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማረ እኔ የጻፍኩት ነገር ሁሉ ትልቅ ይመስለዋል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱሪ ሊያሳጥሩና ኪስ ሊያስጠግኑ ለመጡ ደንበኞቹ ቀዩን ጽሑፍ እየዘለለ ከዳር እስከ ዳር አነበበላቸው። ከሰሚዎቹ አንዱ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። “ልጅቷ እውነቷን ነው” ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ እሑድ ስብሰባ ላይ እንደሚያቀርቡትና አዴ ሀዋ ቁልፉን እንደሚያስረክቡም ተናገሩ። አባቴ ማታ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ያ ቀይ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሌላው ቀን ቀደም ብዬ ሄድኩ። አዴ ሀዋን ከቤታቸው ቀስቅሼ ልጠይቃቸው ነበር ሐሳቤ። እሳቸውን ግን ቦኖው አጠገብ፣ ከወረፋው በማይታየው የአጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ፣ ሙስበሐቸውን እየቆጠሩ አገኘኋቸው።

“አካም ቡልተን፣ አዴ?” ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው።

“ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ምነው ዛሬ ትምህርት የለ፣ ማለድሽ?”

እንዴት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። በመጨረሻ እንዲሁ አወጣሁት። “አዴ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ከሆኑ ለምን እስከ አንድ ተኩል አይከፍቱም?”

ቀና ብለው አዩኝ። “ይህን ስንት ዓመት ሲሰድቡኝ ኖሩ፤ የጠየቀኝ ግን የለም” አሉኝ። “ተቀመጪ፤ ታዪያለሽ።”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጡት ባለጋሪዎች ናቸው፤ ውሃ ለሻይ ቤቱና ለሆቴሉ የሚያመላልሱ፣ በርሜል የጫኑ አምስት ስድስት ጋሪዎች። ፈረሶቻቸውን አቁመው ራሳቸው በርሜሉ ላይ ተጋደሙ። ቀጥለው የሰፈራችን ልጆች መጡ። ፀሐይ ወጥታ የቆርቆሮውን አጥር ማሞቅ ስትጀምር ደግሞ ከወንዙ ማዶ ካሉት መንደሮች፣ አህያ እየነዱ፣ አንዳንዶቹም እንስራ በጀርባቸው አዝለው፣ ሴቶች ብቅ አሉ። ከነሱ አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ ደርሳ ስትቆም አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነበር።

“አሥራ ሁለት ሰዓት ብከፍት” አሉ አዴ ሀዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “በርሜሎቹ ይሞላሉ፤ ተመልሰው መጥተው ደግሞ ይሞላሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቧንቧው አየር ይተፋል። እነዚህ ያን ጊዜ ገና ወንዙን እየተሻገሩ ናቸው። ሲደርሱ እከፍታለሁ፣ ቀድመው ይቀዳሉ፣ ነገሩ ይኸው ነው።”

“ለኮሚቴው ለምን አልነገሩም?”

“ባለጋሪዎቹ ጉልበት አላቸው፤ እኔ ያለኝ ቁልፍ ነው። ብናገር እሱንም ይወስዱታል።”

ኮሚቴው ቁልፉን ነገ ሊወስድባቸው እንደሆነ፣ ያስወሰድኩባቸውም እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሙስበሐቸውን መቁጠራቸውን ቀጠሉ። የነገሩኝን ልጽፈው እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን “ጻፊው። የኔን ብቻ አትጻፊ፤ እናንተም በር ላይ ትቆማላችሁ አሉ” አሉኝና ሊከፍቱ ተነሡ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በአባቴ የስፌት ጠረጴዛ ላይ፣ የመኪናው ድምፅ እየተንቀጫቀጨ፣ እንደገና ጻፍኩ። ውሃ ሕይወት ነው የሚለውን ተውኩት። አባቴ የመጀመሪያው እንዳለ ቢቀርብ ይሻላል ብሎ ነበር፤ የማዶ ሴቶቹን ነገር ሳነብለት ግን መርገጫውን አቆመ። “ያንን ወረቀት እኔ ነኝ ያወጣሁት” አለ። “ነገ አብሬሽ እቆማለሁ።”

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ሰው ሞላው፤ አዴ ሀዋና ከማዶ የመጡ ሴቶችም ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሀጂ የመጀመሪያውን ወረቀቴን ከኪሳቸው ሲያወጡ እጄን አነሣሁ፤ አባቴም ከኋላዬ ተነሥቶ ቆመ። አዲሱን ጽሑፌን በአማርኛ አነበብኩ፤ ከዚያ አዴ ሀዋና የማዶ ሴቶች እንዲሰሙት በኦሮምኛ መልሼ ተናገርኩ። ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ተማሪዎች አንድ አንድ ጀሪካን ብቻ ይቅዱ፣ አንድ ተኩል ላይ የማዶ ሴቶች ይግቡ፣ ጋሪ ከነሱ በኋላ ይምጣ።

“ታዲያ ያኛው ወረቀት ውሸት ነበር?” አሉኝ ሀጂ።

“ዘግይቶ መከፈቱ እውነት ነው” አልኳቸው። “ምክንያቱን ግን ሳልጠይቅ ከራሴ ነው የጻፍኩት።”

ባለጋሪዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ተነሥቶ፣ እነሱም ውሃውን የሚያመላልሱት ለሰው እንጂ ለድንጋይ አለመሆኑን፣ መሸከም የማይችሉ አሮጊቶችም ደንበኞቻቸው መሆናቸውን ተናገረ። ክርክሩ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሀጂ ሐሳቤን ለአንድ ወር እንሞክረው አሉ፤ ቁልፉም አዴ ሀዋ አንገት ላይ ቀረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ቀልድ አላለፈም። ከባለጋሪዎቹ አንዱ የታናሽ ወንድሙን ዩኒፎርም፣ ክንዱ ላይ የጠበበውን፣ ለብሶ ከተማሪዎች መካከል ተሰለፈ፤ ጢሙን ግን አልተላጨም። አዴ ሀዋ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቁት። “ስምንተኛ” አለ። ወደኔ ዞረው “ታውቂዋለሽ?” አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ወደ ጋሪው ተመለሰ። ወሩ አልቆ ሌላ ወር ተተካ፤ ደንቡን ያነሣ ሰው አልነበረም። እኛም ሒሳብን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ተማርን፤ ፈተናውን አለፍኩ።

አንድ ቀን ወረፋዬን ስጠብቅ አዴ ሀዋ ጠሩኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንዳነብላቸው ፈለጉ። ሀጂ መልሰውልኝ ነበር፤ ከቤት አምጥቼ እያፈርኩ፣ እንቅልፍ የምትለዋን ሳልዘል፣ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። “ቋንቋሽ ያምራል” አሉኝ። “አያውቀኝም ነበር እንጂ።” ሌላ ነገር አላሉኝም፤ ጀሪካኔን ግን ያን ቀን ራሳቸው አንሥተው ጭንቅላቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

መምህር ኑሩ ለሁለተኛው ድርሰት ከአሥር ሰባት ሰጡኝ። ከተማው ሁሉ ያወራለት ጽሑፍ ሰባት ማግኘቱ አሳዝኖኝ ምን እንደጎደለው ጠየቅኳቸው።

“ባለጋሪዎቹን መች ጠየቅሻቸው?” አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። አዴ ሀዋ እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ወደ አኼራ ሄዱ፤ ቀብራቸው ላይ የማዶ ሴቶች ወንዙን ተሻግረው መጥተው እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። ዛሬ በከሚሴ በየግቢው ውሃ ገብቷል፤ ማንም ልጅ በጀሪካን ምክንያት በር ላይ አይቆምም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ወደዚያ ዘመን ተመለሺ ብባል አልመለስም። የሚናፍቀኝ ወረፋው አይደለም። በወረፋው ላይ ግን ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደደከመው፣ ማን ወገቡን እንደያዘ ዓይኔ ያይ ነበር። አሁን ደሴ ባለው ቤቴ ጠዋት ቧንቧዬን ስከፍት ውሃው ወዲያው ይወርዳል፤ ከኔ በታች ባለው መስመር ላይ ውሃው ገና ያልደረሰው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።