ደብረ ሲና ሲወጣ የሚድነው ኮምፒውተር

የጋለ አቧራ የራሱ ሽታ አለው። የደንበኛ ኮምፒውተር ጎን ስከፍት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማና የደረቀ አፈር የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ይመታዋል። በብሩሽ ጠርጌ፣ በአየር ነፍቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ፤ እንጀራዬ ነውና ብዙም አይገርመኝም። አንዳንድ ቀን ግን ሽታው ሸዋ ሮቢት ይዞኝ ይሄዳል፤ ከዋናው መንገድ ጀርባ ወደነበረች፣ ቆርቆሮዋ እኩለ ቀን ላይ ቋ ቋ ወደምትል አንዲት ክፍል። የዚያችን ክፍል ነገር ሳወራ ሰው የልጅነት ጌም የማወራ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ዓመት ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። እኔና ጓደኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን ውጤት ስንጠብቅ ከረምንና ውጤቱ ሲመጣ ለእኔ መጣልኝ፣ ለእሱ አልመጣለትም። እሱ ከእኔ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ሒሳብ ከእሱ ነው የምገለብጠው። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

አባቱ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው። ትልቁ ልጃቸው ሳዑዲ ነበር፤ በባሕር ነው የሄደው። ስለ መንገዱ ምንም አውርቶ አያውቅም፤ ብቻ በሰው እጅ አንድ ኮምፒውተር ልኮ፣ «ታናሼ እኔ በሄድኩበት እንዳይሄድ፤ በዚህ ይሥራበት» ብሎ ነበር። ጓደኛዬም ሐሳቡን ቆርጧል፤ ጌም ቤት ሊከፍት ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ያለበት ጌም ቤት አልነበረም፤ ፕሌይስቴሽን ብቻ ነው። አንድ ከባድ የጦርነት ጌም ከአዲስ አበባ አስመጥተን ነበርና፣ ወሬውን የሰማ ሁሉ «መቼ ነው የምትከፍቱት?» እያለ መንገድ ላይ ያስቆመን ነበር።

አባቱ ግን ነገሩን በቁርጡ አስቀመጡት። በሩ ላይ ቆመው፣ እኔም እየሰማሁ፣ «ይህ ዕቃ የሚሠራ ከሆነ ክፍሉን እሰጥሃለሁ። የማይሠራ ከሆነ ማሾው ሲገባ ወንድምህ ጋ ትሄዳለህ። ልጄ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫት ሲቅም አላይም» አሉት። ተቆጥተው አልነበረም። እሳቸው ሽንኩርት ሲገዙም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ይናገራሉ፣ ያበቃል።

ዕቃው ደግሞ ጉድ ነው። ጽሑፍ ብትጽፍበት፣ ዘፈን ብታሰማበት ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ንክች አይልም። ያን ጌም ከከፈትክበት ግን መጀመሪያ ማራገቢያው ማጓራት ይጀምራል። ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ይሄዳል። ከዚያ የሚሮጠው ወታደር አንድ እግሩን እንዳነሳ ይቀራል፤ ድምፁ ድድድድድ ይላል፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ድርግም። «ስታክ አደረገ!» ብለን ጭንቅላታችንን እንይዛለን። መልሰን ብናበራው አሥር ደቂቃም አይቆይ።

ያላደረግነው ነገር የለም። ቫይረስ ነው ተባለና ፎርማት አደረግነው። ሲዲው ነው ተባለና በጥርስ ሳሙና አጠብነው። እናቱ ደግሞ፣ «ዓይን ነው ወላሂ! ስንቱ ነው እየመጣ የሚያፈጥበት!» አሉና፣ ከሰው ዓይንም ከአቧራም ይጋርደው ብለው ሳጥኑን ዙሪያውን አንሶላ አለበሱት። ስክሪኑ ብቻ ቀረ። እኛም አልተቃወምን። ቤታችን ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ልብስ ነበረው፤ ኮምፒውተር ምን ይለያል?

በመጨረሻ ደብረ ሲና አንድ ቴክኒሻን አለ ሲሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በሚኒባስ ይዘነው ወጣን። መንገዱ ወደ ላይ በታጠፈ ቁጥር መስኮት የሚዘጋው ሰው እየበዛ፣ እኛ በቲሸርት ብርድ ሲያንቀጠቅጠን ትዝ ይለኛል። ጉሙ ከጣርማ በር ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ቴክኒሻኑ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከፍተውት ጌሙን ጀመሩ፤ ጠዋት የጀመሩት እስከ አመሻሹ አንዴም አልቆመም። እንዲያውም ጌሙን ወደዱት መሰለኝ፣ ምሳም አልወጡም። «እናንተ ቆለኞች» አሉ ሲመልሱልን፣ «ኮምፒውተሩ ደኅና ነው። ባለቤቶቹ ብትመረመሩ ነው የሚሻለው።»

ደስ ብሎን ወረድን። ሸዋ ሮቢት ገብተን፣ አንሶላውን አልብሰን ጌሙን ከፈትን። ሃያ አምስት ደቂቃ። ድድድድድ።

ሁለተኛም ወሰድነው፤ እዚያ እንደገና ዳነ፣ ቤቱ ሲመለስ ሞተ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው እኔ አዋቂው የተናገርኩት። «መንገዱ ነው» አልኩ። «ቁልቁለቱ ላይ ሲነቃነቅ ውስጡ አንድ ነገር ይላላል።» እንዴት አምሮ እንደታየኝ! ሲወጣ ደኅና፣ ሲወርድ በሽተኛ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ጓደኛዬ አመነኝ። ሒሳብ የሚያሠራኝ ልጅ እኔን አመነ።

ሙቀት እንዴት አልታያችሁም ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን እላለሁ። ግን እኛ አገር የማይሞቅ ነገር አልነበረም። የቧንቧው ውኃ ይሞቃል፣ የበሩ እጀታ ይፋጃል፣ የባጃጅ ወንበር ሱሪ ያስለቅቃል። ሳጥኑን ነክተን «ይፋጃል እኮ» ብንባባል፣ ምን ያልፋጀ ነገር አለና ነው? ትኩሳት በሽታ መሆኑን ለማወቅ የማይተኩስበት ቀን ያስፈልጋል፤ እኛ ያ ቀን አልነበረንም።

ለሦስተኛ ጊዜ ወጣን፤ ሲወርድ ጓደኛዬ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ አቅፎ፣ በየጉብታው ትንፋሹን እየያዘ አመጣው። ሾፌሩ በመስታወት እያየ፣ «ኧረ ልጅ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የያዝከው?» ይለዋል። አልሳቀም። ማሾው እየተለቀመ ነበር፤ አባቱም «ነገ አሳዩኝ» ብለዋል።

በማግስቱ የጠዋቱ መብራት በፈረቃው ጠፍቶ ነበርና የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። አባቱ ዙህር ሰግደው መጡና ማሾ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሳይቆም ከዋለ ክፍሉ የናንተ ነው» አሉ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ገብቶ ክፍሏ ሞላች። የአይሱዙ አቧራ እንዳይገባበት መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንሶላውን ወደ ታች ሳብ አድርጌ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጫወታል። አባቱ መጀመሪያ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ቆይተው «ይሄኛው የማን ወገን ነው?» አሉ። «የኛ ነው አባዬ።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ ከጆንያው ብድግ ብለው፣ «ከኋላህ! ከኋላህ መጣ እኮ፣ አታይም እንዴ!» ብለው ጮኹ። ልጁ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ያቺን ሳቅ ሳይ፣ በቃ፣ ጌም ቤቱ ተከፈተ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ማራገቢያው ያጓራ ጀመር። ወታደሩ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

«ቆመ?» አሉ አባቱ።

«ይነሳል አባዬ። አሁን ይነሳል።»

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ጓደኛዬ እጁን አንሶላው ውስጥ ሰድዶ ሳጥኑን ሲነካው ቶሎ መለሰና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። አባቱ ጆንያውን ደገፍ ብለው ተነሱ፣ የልጃቸውን ራስ በእጃቸው ነካ አደረጉና ወጡ።

ኮምፒውተሩን የደብረ ሲናው ቴክኒሻን ገዙት። እዚያ ጥሩ ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጓደኛዬ ማሾው በገባ በሁለተኛው ሳምንት በጅቡቲ በኩል ሄደ። ሲሄድ አልሸኘሁትም፤ ኮሌጅ ለመመዝገብ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ሲሸኙት ምን ለብሶ እንደነበር እንኳ አላውቅም። እስካሁንም የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን መምህራችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቶ ከፕሮሰሰሩ ላይ ማራገቢያውን ነቀለና፣ «አሁን ከባድ ሥራ እንስጠውና እንይ» አለ። ብዙም አልቆየ። ድድድድድ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። «ራሱን ከመቃጠል አዳነ ማለት ነው» አለ መምህሩ። ተማሪው ማስታወሻ ይጽፋል። እኔ ተነስቼ ወጣሁ፤ ደጅ ብርድ ነበር፣ እኔ ግን ላብ አጥምቆኛል።

ስልኩን ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። ሳዑዲ አንድ የበግ እርባታ ውስጥ ነበር። «ሙቀት ነው እኮ!» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው። «ፕሮሰሰሩ ሲግል ነው የሚጠፋው። መስኮት ብንከፍት፣ አንሶላውን ብናነሳ በቂ ነበር።» ሳቀ። ብዙ ሳቀ። «ደብረ ሲና ለዚህ ነዋ የሚድነው! አንተ ደግሞ መንገዱ ነው ትለኛለህ፣ ጭኔን አደንዝዘኸው!» ከዚያ ሳቁ በአንዴ ቆመ።

«አባዬ ሰማ?» አለኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

«እንዳትነግረው። ወላሂ በል።»

ወላሂ አልኩ። በእኔ አፍ ወጥቶ የማያውቅ መሐላ ነው፤ ግን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አለፈ። እሱ አልተመለሰም፤ አለ፣ ይደውላል። ባለፈው ሸዋ ሮቢት ስወርድ አባቱን ጠየቅኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደከም ብሏል። ስለ ልጆች፣ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ ተጫወትን። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«አንተ አሁን የዚያ ነገር ሐኪም ሆነሃል አሉ።»

«አዎ አባባ፣ እሱው ነው ሥራዬ።»

«ያ የልጄ ዕቃ…» አሉ። «ምን ነበር የያዘው? ሰው ቢገኝለት ይድን ነበር?»

«አይ አባባ» አልኳቸው። «አይድንም ነበር። ያኔ ማንም ቢያየው አይድንም።»

ፊቴን ለማየት ሞከሩ፤ እኔ ወደ መንገዱ አየሁ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ቀስ አድርገው ለቀቁት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያ ልጄን በከንቱ አልሰደድኩትም።»

«አልሰደዱትም አባባ» አልኳቸው። ባጃጅ እስኪመጣልኝ ድረስ እጄን አልለቀቁትም።